የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ኢንተርፌሱ ቻናል ሲያጥረው

የቤት ስቱዲዮን ስለማስፋት ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን ዛሬ እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ሁለት የማይክ መግቢያ ያለው የዩኤስቢ ኢንተርፌስ (ማይክን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ሣጥን) አለኝ፤ ከጀርባው አንድ የኤዳት ኦፕቲካል መግቢያ (ብዙ ቻናል ዲጂታል ድምፅ በብርሃን ኬብል የሚቀበል) አለው። ድራም በ8 ማይክ መቅዳት ስለፈለግሁ ባለ 8 ቻናል ኮንቨርተር (ድምፁን ወደ ዲጂታል የሚቀይር ዕቃ) ልገዛ ነው። ሻጮቹ ሁሉ የሚነግሩኝ ስለ ዳይናሚክ ሬንጅ (ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ድምፅ ስላለው ስፋት) ነው። በምን ልምረጥ?

መልስ፦ ዳይናሚክ ሬንጁን ለመጨረሻ ያቆዩት። ቀድሞ የሚጠየቀው ዕቃው የማይክ ፕሪአምፕ (ደካማውን የማይክ ሲግናል የሚያጎላ ክፍል) አለው ወይስ የለውም የሚለው ነው፤ በዚህ ስም የሚሸጡት ሁለት ዓይነት ናቸውና። አንዱ 8 ፕሪአምፕና ኮንቨርተሩን በአንድ ሣጥን ስለያዘ ማይኩን በኤክስኤልአር ኬብል በቀጥታ ይሰኩበታል። ሌላው የሚቀበለው ላይን ሲግናል ብቻ ነው። በፕሮፌሽናል ዕቃ ላይን የሚባለው +4 ዲቢዩ (የሲግናል ደረጃ መለኪያ ነው)፣ ማለትም 1.23 ቮልት ገደማ ሲሆን ከማይክ የሚወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሚሊቮልት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ይህኛው የሚጠቅመው ፕሪአምፕ ወይም ሚክሰር ቀድሞ ላለው ሰው ነው። እርስዎን የሚያዋጣዎት የመጀመሪያው ነው። ከፊቱ የጌይን ማዞሪያ ካላዩ መመሪያውን ሳያነቡ አይክፈሉ።

ቀጥሎ 48 ቮልቱ፣ ማለትም ኮንደንሰር ማይክ በኬብሉ በኩል የሚያገኘው፣ ፋንተም የሚባለው ኃይል። ፋንተሙ ለእያንዳንዱ ቻናል ለብቻው ይበራል፣ በ4 በ4 ነው ወይስ ለ8ቱም አንድ ቁልፍ ነው ያለው? ለኦቨርሄድ (ከድራሙ በላይ ለሚሰቀለው) ኮንደንሰር፣ ለስኔርና ለኪክ ዳይናሚክ ማይክ ቢሰኩ የጋራ ቁልፍ አያስቸግርም፤ በደህና ባላንስድ ኬብል የተሰካን ዳይናሚክ ማይክ ፋንተም አይጎዳውም። ፋንተም ሊጎዳው የሚችል አሮጌ ሪበን ማይክ ካለዎት ግን በየቻናሉ የሚበራውን ይምረጡ።

ከዚያ ሳምፕል ሬቱ (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) ይመጣል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኤዳት፣ አሌሲስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላወጣው ባለ 8 ትራክ የቴፕ መቅረጫ የተሠራ ግንኙነት ነው። በአንድ ኬብል 8 ቻናል የሚያሳልፈው በ44.1 ወይም በ48 ኪሎኸርዝ ሲሠሩ ብቻ ነው። በ96 ያው ኬብል 4 ቻናል፣ በ192 ደግሞ 2 ብቻ ይይዛል። የእርስዎ ኢንተርፌስ አንድ ኦፕቲካል መግቢያ ብቻ ስላለው፣ ሁለት የኤዳት መውጫ ያለውን ውድ ኮንቨርተር ቢገዙም በ96 ከ4 ቻናል በላይ አያገኙም። በ48 ለመሥራት ከወሰኑ እንደ ቤሪንገር ኤዲኤ8200 ያለው፣ ከ48 የማያልፈው ዕቃም ይበቃል። እኛ ለድራም 48ን እንመርጣለን። 8ቱና የኢንተርፌሱ 2 ቻናል ተደምረው በ24 ቢት በደቂቃ 86 ሜጋባይት ገደማ ይፈጃሉ፤ በ96 ቢሆን እጥፍ ነው።

አሁን ወደ ዳይናሚክ ሬንጁ። 24 ቢት በስሌት 144 ዲሲቤል ይሰጣል፤ የተለመዱት ኮንቨርተሮች ግን እዚያ አይደርሱም፣ ጥሩዎቹም አብዛኛውን ጊዜ 120ዎቹ ውስጥ ናቸው። ጸጥ ያለ ክፍል ራሱ 30 ዲሲቤል ገደማ ድምፅ አለው። ስኔር አጠገብ ያለ ማይክ ጋ የሚደርሰው ምት 130 ቢሆን ልዩነቱ 100 ነው፤ ስለዚህ 110 ያለው ኮንቨርተር ከክፍልዎ ቀድሞ አያሳፍርዎትም። ቁጥር ካወዳደሩ ደግሞ የመግቢያውን ከመግቢያው ጋር ያወዳድሩ። በማስታወቂያው በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የመውጫው ቁጥር ነው፤ እርስዎ የሚቀዱት በመግቢያው ነው።

ጥያቄ፦ ኮንቨርተሩን በኦፕቲካል ኬብል አገናኘሁ፤ ድምፅ ይመጣል፣ ግን በየጥቂት ሰከንዱ «ጠቅ» ይላል። ኬብሉን ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም።

መልስ፦ ኬብሉ ንጹሕ ነው። ሁለቱም ዕቃዎች በየራሳቸው ክሎክ (የሳምፕሉን ፍጥነት በሚወስነው ሰዓት) እየሄዱ ነው፤ አንዱ ትንሽ ሲቀድም ወይም ሲዘገይ አንድ ሳምፕል ይዘለላል ወይም ይደገማል፤ «ጠቅ» የሚለው ያ ነው። መሪው አንድ ብቻ መሆን አለበት።

ኢንተርፌስዎ የኤዳት መግቢያ ብቻ ካለው ምርጫ የለዎትም፤ መሪው ኮንቨርተሩ ይሆናል። ኮንቨርተሩን «ኢንተርናል» ላይ ያድርጉና ሬቱን 48 ይበሉት። ከዚያ በኢንተርፌሱ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የክሎክ ምንጩን ከኢንተርናል ወደ ኤዳት ቀይረው «ሎክድ» እስኪል ይጠብቁ። የኤዳት መውጫም ካለው በሁለተኛ ኦፕቲካል ኬብል ወደ ኮንቨርተሩ መልሰው ኢንተርፌሱን መሪ ማድረግ ይሻላል፤ ሬቱን ሲቀይሩ ኮንቨርተሩ ራሱ ይከተላል። ሦስተኛው መንገድ ወርድ ክሎክ (ክሎኩን ብቻ በራሱ ኬብል ማስተላለፍ) ነው፤ 75 ኦም የቢኤንሲ ኬብል ይፈልጋል፣ የመጨረሻውም ዕቃ በ75 ኦም መዘጋት አለበት።

ኮንቨርተሩ መሪ ሆኖ በ48 እየሄደ ፕሮጀክቱን በ44.1 እንዳይከፍቱ ይጠንቀቁ። ሲቀዱ ሁሉም ደህና ይመስላል፤ በኋላ ፋይሉን በትክክለኛው 44.1 ሲያጫውቱት ግን ዘፈኑ ይዘገያል፣ ቃናውም አንድ ተኩል ሰሚቶን ገደማ ይወርዳል።

ጨርሶ ድምፅ ከሌለ ሁለት ነገር ይዩ። ኤዳትና ኤስፒዲፍ (ሌላ የዲጂታል ድምፅ ግንኙነት) በአንድ ዓይነት ሶኬት ስለሚሄዱ ኢንተርፌሱ ኤስፒዲፍ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ሌላው፣ ለማመን ቢከብድም፣ በአዲስ ኬብል ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ላስቲክ ክዳን ሳያነሱ መሰካት ነው። የፕላስቲክ ኦፕቲካል ኬብል ከ5 ሜትር ባይበልጥ፣ በጠባቡም ባይታጠፍ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ኮንቨርተር ከምገዛ አሮጌውንና አዲሱን ኢንተርፌስ ሁለቱንም በዩኤስቢ አንድ ኮምፒውተር ላይ ብሰካ አይሆንም?

መልስ፦ በማክ ሁለቱን እንደ አንድ ዕቃ አዋሕዶ ማሳየት ይቻላል፤ በዊንዶውስ በአሲዮ (የድምፅ ድራይቨር ዓይነት) የሚሠሩ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበሉት አንድ ድራይቨር ብቻ ነው። በሁለቱም ቤት ችግሩ ያው ክሎክ ነው። የሁለቱ ፍጥነት በሚሊዮን 50 ቢለያይ በ48 ኪሎኸርዝ በሰከንድ 2.4 ሳምፕል ይራራቃሉ፤ 5 ደቂቃ ዘፈን ሲያልቅ 720 ሳምፕል፣ ማለትም 15 ሚሊሰከንድ ሆኗል። አሮጌው ያለ ኮምፒውተር ብቻውን የሚሠራና ዲጂታል መውጫ ያለው ከሆነ ግን ዩኤስቢውን ነቅለው በዚያ መውጫ ወደ አዲሱ ያስገቡት። በነጻ ኮንቨርተር አገኙ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አንዱን ኦቨርሄድ በኢንተርፌሱ፣ ሌላውን በኮንቨርተሩ ቀዳሁ። ድምፁ ወደ አንድ ጎን ያደላል፣ ቀጭንም ሆነ። ማይኮቹ እኩል ርቀት ላይ ናቸው።

መልስ፦ ሁለቱ መንገዶች እኩል አይፈጥኑም። በኤዳት የመጣው ጥቂት ሳምፕል ሊዘገይ ወይም ሊቀድም ይችላል። 20 ሳምፕል በ48 ኪሎኸርዝ 0.42 ሚሊሰከንድ ነው፤ አንዱን ማይክ 14 ሴንቲሜትር እንዳራቁት ያህል ይቆጠራል። ልዩነቱን ለማወቅ ከኢንተርፌሱ ሁለት መውጫዎች አንድ ዓይነት አጭር «ጠቅ» ያውጡ፤ አንዱን ወደ ኢንተርፌሱ፣ ሌላውን ወደ ኮንቨርተሩ ላይን መግቢያ በኬብል ይመልሱና ቀድተው ሞገዱን አጉልተው ይቁጠሩ። ቁጥሩ ካልተቀየረ በዚያ ልክ ትራኩን ይግፉት። ከዚህ ሁሉ ግን ጥንድ ማይኮችን ሁልጊዜ በአንድ ሣጥን ውስጥ ማዋል ይቀላል፤ ለኢንተርፌሱ ሁለት ቻናል ባስ ወይም የመሪ ዘፋኙን ማይክ ይስጡ።

ጥያቄ፦ ቀድሞ የቀዳሁትን በኮንቨርተሩ መውጫ ወደ ውጭ ኮምፕረሰር (ከፍ ያለውን ድምፅ የሚጨቁን ዕቃ) እልካለሁ። ኮምፕረሰሩ ባይፓስ ላይ (ድምፁን ሳይነካ እያሳለፈ) ሆኖ እንኳ ሲመለስ ቀይ ይበራል።

መልስ፦ የመውጫውና የመግቢያው ጣሪያ አልተገናኘም። በመመሪያው «ከፍተኛ ደረጃ» የሚለውን ይፈልጉ፤ መውጫው ዜሮ ዲጂታል (ዲጂታሉ የሚይዘው ከፍተኛው ደረጃ) ላይ +24 ዲቢዩ የሚያወጣ፣ መግቢያው ግን በ+18 የሚሞላ ከሆነ 6 ዲሲቤል ይተርፋል። ለመፈተሽ ኮምፕረሰሩን አውጥተው መውጫውን ከመግቢያው ጋር በአንድ ኬብል ያገናኙ፤ 1 ኪሎኸርዝ ቶን በ−18 ይላኩ። −12 ሆኖ ከተመለሰ ትርፉ ያ 6 ዲሲቤል ነው። የደረጃ መምረጫ ቁልፍ ካለ ሁለቱን እኩል ያድርጉ፤ ከሌለ በሶፍትዌሩ የሚላከውን በ6 ዲሲቤል ይቀንሱ። የተመለሰውን ትራክ ከቀዱ በኋላ መቀነስ ግን ዋጋ የለውም፤ ጫፉ መግቢያው ላይ ተቆርጧል።