የፈረስ ልጅ ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎት ከአራት ኪሎ ነው። ጃን ሜዳ ፈረስ ለሚያዩ ልጆች አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው፤ አንድ ገጽ አያይዣለሁ። «ውርንጭላ» ብዬ ብጽፍ የሥራ ባልደረባዬ «እሱ የአህያ ነው፤ የፈረስ ግልገል በይ» አለችኝ። የቱ ነው ትክክል? የመጀመሪያውን ወተትስ «እንገር» ልበለው? ወይስ የላም ብቻ ነው?

መልስ፦ «ውርንጭላ» ይበሉ። የአህያም፣ የፈረስም ልጅ ውርንጭላ ነው፤ ትንሽ በቅሎም እንዲሁ። ባልደረባዎ ወደ አህያ ያደሉበት ምክንያት ይገባኛል። ብዙዎቻችን ቃሉን የምንሰማው በሆሳዕና ነው፤ ወንጌሉ የሚናገረው ስለ አህያይቱና ስለ ውርንጭላዋ ነው። ከተማ ውስጥ ደግሞ ባዝራ (ሴት ፈረስ) ስትወልድ ያየ ሰው ጥቂት ነው። አንባቢ እንዳይምታታበት ከሰጉ «የፈረስ ውርንጭላ» ብለው ይጻፉ፤ በቃ።

«ግልገል» በዋናነት የበግና የፍየል ነው። ሰፋ ሲል የትልቁ ነገር ታናሽ ይሆናል፤ ግልገል ጊቤን፣ ግልገል ዓባይን ያስቧል። ስለዚህ «ግልገል ፈረስ» ስሕተት ነው አልልም። «ጥጃ» ግን አይሆንም። «ቤቢ ፈረስ» የምትለዋን ደግሞ እባክዎ ያውጧት።

እንገር የላም ብቻ አይደለም። የጤና ባለሙያዎች የወለደችን እናት «እንገሩን አጥቢው፣ እንዳትደፊው» ይሏት የለ? ለፈረስማ የባሰ ያስፈልጋል። ውርንጭላ በእናቱ ሆድ ሳለ በሽታ የሚከላከልለትን ነገር ከደሟ አያገኝም። ባዶ እጁን ነው የሚወለደው። የሚያገኘው ከእንገሩ ነው። አንጀቱም ያንን ወደ ደሙ የሚያሳልፈው እስከ 24 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ ያውም ሰዓቱ በገፋ ቁጥር እየቀነሰ። ለዚህ ነው ጤነኛ ውርንጭላ በተወለደ በ1 ሰዓት ገደማ ቆሞ፣ በ2 ሰዓት ውስጥ እንዲጠባ የሚጠበቀው። ካልጠባ የእንስሳት ሐኪም ቶሎ መጥራት ነው። ይቺን ነገር ለልጆቹ ሳይነግሩ እንዳያልፉ።

እርስዎ የጻፉት እንዲህ ይላል፦ «እናት ፈረስ ለልጇ የመጀመሪያ ወተቷን በመስጠት ከበሽታ እንዲጠበቅ ታደርጋለች»። እኔ ብሆን እንዲህ እለዋለሁ፦ «ባዝራዋ እንደወለደች ውርንጭላው እንገር ይጠባል። ከበሽታ የሚጠብቀው እሱ ነው።» «በመስጠት… ታደርጋለች» የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይመስላል፤ ለልጅ ጆሮ ይከብዳል።

«በ6 ወሩ ከእናቱ ይለያያል» ያሉትን «ጡት ይጥላል» ይበሉት። ሰው ሲለየው «ጡት ያስጥሉታል» ነው። ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው።

«ማሠልጠን» ያሉትን ደግሞ ለሁለት ይክፈሉት። ውርንጭላውን የሰው እጅና ገመድ እንዳይፈራ ማድረግ «ማለማመድ» ነው። ልጓምና ኮርቻ ሲመጣ ነው «መግራት» የሚባለው። እሱ ግን አጥንቱ ከጠና በኋላ፣ ዓመታት ቆይቶ ነው።