ቃልና ሥዕል በጥንታዊ ግብፅ መቃብር፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ጥንታዊ ግብፅ የመቃብር ጽሕፈትና ሥዕል ለላካችሁልኝ ጥያቄዎች ከልብ አመሰግናለሁ። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል ፊደል ላልቆጠረው ምእመን እንደ መጽሐፍ ያገለግላል። የግብፅ መቃብር ሥዕልም ለማያነብ ሰው የተዘጋጀ ነበር?

መልስ፦ ዘመዶች መሥዋዕት ይዘው የሚገቡበትን የላይኛውን ክፍል በተመለከተ ሐሳብዎ በከፊል ያስኬዳል። ሬሳው የሚያርፍበት ክፍል ግን ከቀብር በኋላ ስለሚዘጋ ሕያው ተመልካች አልነበረውም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2350 ገደማ በሳቃራ የተሠራው የንጉሥ ዑናስ ፒራሚድ የውስጥ ግድግዳዎቹ በአብዛኛው ከላይ እስከ ታች በሰማያዊ ቀለም በተሞሉ የጽሕፈት ዓምዶች ተሸፍነዋል፤ ጣሪያውም በከዋክብት የተዋበ ነው። ያ ሁሉ ቃል የተቀረጸው፣ የሚያነበው ሰው ኖረም አልኖረም፣ በዚያ ቦታ መገኘቱ ብቻ ለንጉሡ ይሠራል ተብሎ ነው።

ጥያቄ፦ ሂሮግሊፍ የሚባለው የጥንት ግብፃውያን ጽሕፈት ሥዕል ነው ወይስ ፊደል?

መልስ፦ ሁለቱም ነው፤ ሌሎቹ መልሶቼም በዚህ ላይ የቆሙ ስለሆኑ ጥቂት ልዘርዝር። አብዛኞቹ ምልክቶች ድምፅ አላቸው፤ ጉጉቷ «ም»ን፣ የውኃው ሞገድ «ን»ን ያሰማሉ። በቃሉ መጨረሻ ላይ ግን የማይነበብ፣ የቃሉን ዓይነት ብቻ የሚናገር ሌላ ምልክት ይጨመራል፤ ከወንድ ስም በኋላ ለምሳሌ የተቀመጠ ወንድ ይሣላል። ብሉይ መንግሥት በሚባለው በቀደምቱ የፒራሚዶች ዘመን መቃብሮች የሟቹ ስም ከራሱ ምስል በላይ ወይም ከሐውልቱ አጠገብ ሲጻፍ ይህ ትንሽ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። የቀረው ግን ጸሐፊው ስለ ረሳው አይደለም፤ ከስሙ በታች የቆመው ትልቁ ምስል ራሱ የቃሉ መደምደሚያ ምልክት ስለሆነ ነው። እንግዲህ ሐውልቱ የስሙ የመጨረሻ ፊደል ነው ብንል አልተሳሳትንም። እነርሱም መጻፍንና መሣልን የሚጠሩት «ሴሽ» በሚል አንድ ቃል ነበር።

ጥያቄ፦ በአንዳንድ መቃብሮች የእንስሳት ምልክቶች ተቆርጠው ይታያሉ። ሌቦች ያበላሹአቸው ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም፤ ሲቀረጹ ጀምሮ ታስቦበት ነው። የተሣለ እባብ ሊናደፍ፣ የተሣለም አንበሳ ሊነክስ ይችላል ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ ከዑናስ በኋላ በተሠሩ ፒራሚዶች ውስጥ አንበሳው ለሁለት ተከፍሎ፣ ሰውም ያለ እግር ተቀርጾ እናገኛለን። ከብዙ ዘመን በኋላም በልዕልት ነፈሩፕታህ መቃብር ወፎቹ እግር ተነፍጎአቸዋል። እንዲህ የተጎዱት ለድምፃቸው ብቻ የገቡ ምልክቶች ጭምር መሆናቸው እኔን እጅግ ያስደንቀኛል፤ ጸሐፊው ጉዳት የማያደርስ ቃል ሲጽፍ እንኳ ቃሉን የተሸከመውን አውሬ ይፈራው ነበር።

ጥያቄ፦ ከሞት በኋላ በሚደረገው ፍርድ የሟቹ ልብ ሲመዘን የሚያሳየው ሥዕል ከጎኑ ለተጻፈው ጽሑፍ ማብራሪያ ነው?

መልስ፦ «ማብራሪያ» የሚለው ቃል ያንሰዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1250 ገደማ የተዘጋጀውንና ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘውን የአኒን ፓፒረስ ይመልከቱ፤ ይህ አኒ ለተባለ ሰው መቃብር የተዘጋጀ፣ «የሙታን መጽሐፍ» ከሚባሉት አንዱ የሆነ የደንገል ወረቀት ጥቅል ነው። አኑቢስ የተባለው አምላክ ሚዛኑን ያስተካክላል፤ የጽሕፈት አምላክ የሆነው ቶት ብርዑን ይዞ ውጤቱን ይመዘግባል። በአንደኛው ወገን የተቀመጠው ልብ ትንሽ ማሰሮ የሚመስለው «ልብ» የሚለው የሂሮግሊፍ ምልክት ነው፤ በሌላው ወገን ያለው ላባም «ማአት» ማለትም እውነትና ሥርዓት የሚነበብ ምልክት ነው። ስለዚህ በሚዛኑ ላይ የተቀመጡት ሁለት የተጻፉ ቃላት ናቸው፤ ይህን ሥዕል ሳያነቡ መመልከት ግማሹን ማጣት ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ሠዓሊውና ጸሐፊው አንድ ሰው ነበር?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይደለም። በአኒ ፓፒረስ ከአንድ በላይ እጅ ይታያል፤ አብዛኛው ክፍል አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የገዛው ሰው ስም በኋላ በክፍት ቦታው ገብቷል።

ጥያቄ፦ ከሟች ጋር የሚቀበረው የእኛ ልፋፈ ጽድቅ ከዚህ የመጣ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ንጽጽሩን ያስፋፋው የአኒን ፓፒረስ በ1888 ለሙዚየሙ የገዛው እንግሊዛዊው ምሁር ዋሊስ በጅ ነው፤ ልፋፈ ጽድቅን በ1929 ሲያሳትም «የኢትዮጵያ የሙታን መጽሐፍ» ብሎ ጠርቶታል። መመሳሰሉን አልክድም፤ ሁለቱም ከሬሳው ጋር ይቀበራሉ፣ «እገሌ» በሚባልበት ቦታም የባለቤቱ ስም ይገባል። ነገር ግን መመሳሰል የዘር ሐረግ አይሆንም። ልፋፈ ጽድቅ የክርስቲያን ጸሎት ነው፤ ኃይሉም የሚታመነው በውስጡ ባሉት የእግዚአብሔር ስሞች እንጂ በፊደሉ ቅርጽ አይደለም። የግብፁ ጸሐፊ ግን፣ ከላይ እንዳየነው፣ የምልክቱን አካል ራሱን እንደ ሕያው ይቆጥረው ነበር።

ጥያቄ፦ ቋንቋውን ሳልማር ሙዚየም ብሄድ ምን ላስተውል?

መልስ፦ ወፎቹና ሰዎቹ ፊታቸውን ወዴት እንዳዞሩ ይመልከቱ፤ ንባቡ የሚጀምረው ፊታቸው ካለበት ወገን ነው። ከዚያም በአጠገባቸው ያለው ትልቁ ምስል ወዴት እንደሚመለከት ያወዳድሩ። በአብዛኛው ጽሕፈቱ ከባለቤቱ ምስል ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ያያል፤ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው በመካከላቸው ጽሕፈት ቢኖር፣ የትኛው ዓምድ የየትኛው እንደሆነ አንድ ቃል ሳያነቡ መለየት ይችላሉ።