መልስ፦ የፈተና ድርሰቴ ለምን «የተንዛዛ» ይባላል?

የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታን በሚለካው የአይኤልትስ (IELTS) ፈተና ሁለተኛው የጽሑፍ ክፍል ሐሳብ ሳያጥርዎት ድርሰትዎ ለምን «የተንዛዛ» እንደሚባል ጠይቀዋል። ለዚህ ክፍል የሚመከረው ጊዜ 40 ደቂቃ፣ ዝቅተኛው ርዝመትም 250 ቃላት ነው፤ ከዚያ በላይ ማስረዘም በራሱ ነጥብ አያስገኝም፤ የሐሳብ ቅደም ተከተልና ትስስር ግን ከአራቱ መመዘኛዎች አንዱ ነው።

ስለዚህ አንድ አንቀጽ አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ። ጥያቄው ቱሪዝም ለከተሞች ስላለው ጥቅም ቢሆንና እኛ ጎንደሬዎች እንደሚቀናን ፋሲል ግቢን ብናነሣ፣ «ዐፄ ፋሲል ያስጀመሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የተመዘገበውና በጥምቀት ሰሞን ጎብኚ የሚጎርፍበት ግቢ ኩራታችን ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት ቢሆንም ለተጠየቀው ነገር መልስ አይሆንም። ታሪኩን ትተው «ቱሪዝም ለነዋሪው ገቢ ያስገኛል። በጎንደር በጥምቀት ሰሞን ሆቴሎች፣ አስጎብኚዎችና የባጃጅ ሹፌሮች ሥራ ይበዛላቸዋል» ቢሉ ግን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አቋምዎን፣ ሁለተኛው ማስረጃዎን ያሳያል፤ ገቢው ለከተማው ምን እንደሚፈይድ የሚያብራራ ሦስተኛ ሲጨመርበት አንቀጹ ይሞላል።

ረዥም ዓረፍተ ነገር ነውር አይደለም (እኔም አበዛዋለሁ)፤ ባለቤቱና ግሱ እጅግ ሲራራቁ ግን አንባቢው ማን ምን እንዳደረገ ይጠፋዋል፤ ያን ጊዜ ለሁለት ይክፈሉት። በየዓረፍተ ነገሩ መነሻ «በተጨማሪም» እያሉ መደርደርም ትስስር አይፈጥርም። መጻፍ ከመጀመርዎ በፊት አምስት ደቂቃ ወስደው የየአንቀጹን ዋና ሐሳብ በአንድ በአንድ መስመር ያስፍሩ።