መኪና የሌለው ከግቢው አይደርሰውም?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው። ከፊት ለፊታችን ካለው ብሎክ ጋር የምንጋራው ግቢ ስፋቱ 14 ሜትር፣ ርዝመቱ 30 ሜትር ገደማ ነው። 19 መኪና ይቆምበታል። ቀድሞ የገባው ሁሉ አስፋልቱን ቀለም ቀብቶ ታርጋውን ጽፎበታል። ሁለት መኪና ያለው ሁለት ቦታ ይዟል። እኔ መኪና የለኝም። ልጆቼ መጫወቻ አጡ፣ ልብስ ማስጫም የለም። ደረጃ ስር ደግሞ ከሰል በጆንያ፣ አሮጌ ፍራሽ፣ የጋዝ ሲሊንደር ተከምሯል። ስናገር «መኪና ስትገዢ ይገባሻል» ይሉኛል። ምን ላድርግ?
ት. ከሰሚት

መልስ፦ እህቴ፣ ያ መልሳቸው እኔንም አናደደኝ። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ቤትሽ የግልሽ ነው፤ ግቢው፣ ደረጃውና ኮሪደሩ ግን የባለቤቶች ሁሉ የጋራ ነው። ቀለም የቀባ ሁሉ ባለቤት አይሆንም። (ተከራይ ከሆንሽ ግን አከራይሽን ይዘሽ ሂጂ፤ በቤት ባለቤቶች ማህበሩ ስብሰባ ድምፅ ያለው ባለቤቱ ነው።)

ስብሰባው ላይ አዋጁን ከማንበብሽ በፊት ግን ሜትር ይዘሽ ግቢውን ለኪ። ብዙ ዓመት በግንባታ ፎርማንነት ስሠራ ያየሁት ነው፤ ሰው በቁጥር ሲነገረው ጩኸቱን ይቀንሳል። አንድ መኪና 2.5 በ5 ሜትር ይፈልጋል። ቀጥ ብሎ ለሚቆም መኪና መግቢያና መዞሪያው 6 ሜትር ነው። በሁለቱም በኩል ይቁም ካላችሁ 16 ሜትር ያስፈልጋል፤ ያላችሁ 14 ነው። ስለዚህ አንድ ረድፍ ብቻ። እሱ 11 ሜትር ይወስዳል፣ 3 ሜትር ይተርፋል። እሷ ለልጆችና ለልብስ ማስጫ ትሁን።

በ30 ሜትር ርዝመት 12 መኪና ይቆማል። የማንሆል ክዳን ካለ ግን ከላዩ መኪና አይቁም። ክዳኑ ይሰበራል፤ ፍሳሽ መምጠጫ መኪናው ሲመጣም «የማን መኪና ነው?» እያሉ በር ማንኳኳት ነው። ስለዚህ 10 ቦታ ብላችሁ ያዙ።

19 መኪና፣ 10 ቦታ። መፍትሔው ዕጣ ነው። አብዛኞቻችን ቤቱንም ያገኘነው በዕጣ አይደል? ለአንድ ቤት አንድ መኪና ብቻ ይመዝገብ፤ ዕጣው በየስድስት ወሩ ይውጣ። ዕጣ የወጣለት ለማህበሩ ኪራይ ይክፈል። ገንዘቡ ለጥበቃና ለደረጃ ጽዳት ሲውል መኪና የሌለውም ይጠቀማል። ያልደረሰው ውጭ ያቁም። ይከብዳል፣ አውቃለሁ፤ ግን ሁለተኛ መኪና የገዛ ሰው ማቆሚያውንም አብሮ ማሰብ ነበረበት።

አንድ ነገር እንዳትረሱ፦ ድንኳን። ለቅሶ ሲኖር እድሩ የሚተክለው እዚያው ግቢ ነው። «ድንኳን ሲተከል ረድፉ በሙሉ ይለቀቃል» የሚል አንቀጽ ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈርና ሁሉም ይፈርም። ቀድሞ ካልተጻፈ፣ ለቅሶ ቤት በር ላይ ቆሞ ስለ መኪና መጨቃጨቅ ይመጣል።

የደረጃው ስር ጉዳይ ክርክር የለውም። ከሰልና ጋዝ ዛሬውኑ ይውጣ። እሳት ቢነሳ የአራተኛ ፎቅ ሰው ሌላ መውረጃ የለውም። ታማሚ በቃሬዛ የሚወርደውም፣ የሬሳ ሣጥን የሚያልፈውም በዚያው ነው። ፍራሹ ባለቤቱ ባልኮኒ ላይ ይግባ ወይም ይሸጥ። ደረጃ ስር የልጆች ብስክሌት ብቻ ቢቀመጥ እኔ አልቃወምም፤ እሱም መተላለፊያውን ካልያዘ።

አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ገና ይበዛል። ከኮሪደር መብራት ቆጣሪ ገመድ ጎትቶ የሚሞላ ካለ የሚከፍሉለት ጎረቤቶቹ ናቸው። ከራሱ ቆጣሪ፣ በኤሌክትሪክ ባለሙያ በተዘረጋ መስመር ይሙላ። ይህንንም በዚያው ስብሰባ አንሺው።