የአያት ጭቃ ቤት ሲታደስ፦ ሲሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼዋለሁ። ሰባራ ባቡር አካባቢ ያለው የአያታችሁ ቤት ጣሊያን ሳይገባ የተሠራ ጭቃ ቤት ነው፤ እናትሽ ዛሬም ይኖሩበታል፤ ግድግዳው ከሥር እየረገፈ፣ በጓሮ በኩል ያለው ጥግ ደግሞ ዘመም እያለ ነው። ወንድሞችሽ "ወንፊት ሽቦ መትተን ዙሪያውን በሲሚንቶ እንለስነው፣ መስኮቱን በአሉሚኒየም እንቀይረው፣ ካልሆነም አፍርሰን በብሎኬት እንሥራ" ብለዋል። አንቺ መልኩ እንዳይጠፋ ትፈልጊያለሽ። ከእኔ በፊት የመለሱት አብዛኞቹ "አፍርሱት" ብለውሻል። እኔ የድሮ ቤቶች እድሳት ላይ ፎርማን ሆኜ ስለምሠራ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

አታፍርሱት። ሲሚንቶም አታስነኩት። ብር ካጠራችሁ ደግሞ ያላችሁን በሙሉ ውሃን ከቤቱ በማራቅ ላይ አውሉት፤ ሌላው ሁሉ ሊቆይ ይችላል።

ጭቃ ግድግዳ ዘጠና ዓመት የቆመው ጠንካራ ስለሆነ አይደለም፤ የገባበትን እርጥበት መልሶ ስለሚያስወጣ ነው። ክረምት ላይ ይጠጣል፣ በጋ ላይ ይደርቃል። ውስጡ ያለው ቋሚና ማገር እንጨት ነው፤ እንጨት ደግሞ የሚበሰብሰው እርጥበት ገብቶበት መውጫ ሲያጣ ነው። ሲሚንቶ ልስን ግትር ነው፤ ጭቃው ሲያብጥና ሲኮማተር አብሮት አይሄድም፣ በፀጉር ስንጥቅ ይሰነጠቃል። በዚያች ስንጥቅ የገባ ውሃ ከልስኑ ጀርባ ታስሮ ይቀራል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት ቤቱ አዲስ ይመስላል፣ ዘመድ ይመጣና ያደንቃል። ከዚያ በኋላ ልስኑን በጣትሽ አንጓ አንኳኪው፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠሽ ጭቃው ከሽቦው ለቅቆ ወርዷል ማለት ነው። ውስጡን ከከፈትሽው ማገሩ በእጅ የሚፈረፈር ሆኖ፣ ምስጥ መንገዱን ሠርቶበት ታገኚዋለሽ። እንዲህ ያለ ግድግዳ በተደጋጋሚ ከፍቻለሁ፤ የግንበኛውን ሙያ አልወቅስም፣ ዕቃው ነው የማይስማማው።

አሁን የእናንተን ግድግዳ እንመልከተው። ከሥር ነው የሚረግፈው ብለሻል። ከላይ ቢሆን ጣሪያውን እጠረጥር ነበር። ከሥር ሲሆን አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው፦ ሰፈሩ ከፍ ብሏል። መንገዱ በየጊዜው አፈርና ድንጋይ ሲደለደልበት፣ ግቢው ሲሞላ፣ ሊሾ ሲደረግ፣ የቤቱ የድንጋይ መሠረት መሬት ውስጥ ይቀበራል። ያ ድንጋይ የተደረደረው ጭቃው ከመሬት እንዲርቅ ነበር። ሄደሽ እዪው፤ በጓሮው በኩል ጭቃው በቀጥታ አፈር ወይም ሊሾ ነክቶ ከሆነ በሽታው እሱ ነው። አፈሩ ተቆፍሮ ይነሳና ድንጋዩ ይገለጣል፣ ግቢው ከቤቱ ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ይደረጋል። ቁፋሮው ግን ከመሠረቱ በታች እንዳይወርድ፤ ዙሪያውን በአንድ ቀንም አትክፈቱት፣ ሜትር ተኩል ያህል እየከፈታችሁ እየጨረሳችሁ ሂዱ። በድንጋዮቹ መሃል የወጣውን ማያያዣ በኖራና በአሸዋ ሙሉት። አሸንዳውን ደግሞ ዝናብ ሲጥል ቆመሽ ተመልከቺው፤ ከጥጉ ላይ እየፈሰሰ ግድግዳውን የሚገርፍ ከሆነ የዘመመው ጥግ ምክንያት ተገኘ ማለት ነው።

ስለ ጥጉ ልንገርሽ። ቤት የሚዘምመው ብዙውን ጊዜ የጥጉ ቋሚ ከሥሩ በስብሶ ስለሚሰምጥ ነው። የዚያ ዘመን ቋሚ ብዙ ጊዜ የሐበሻ ጥድ ነው፤ ባህር ዛፍ ከተማዋን የሞላው ከ1880ዎቹ በኋላ ቢሆንም አቅም ያለው ሰው ለቋሚ ጥድ ይመርጥ ነበር፣ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውምና። ስለዚህ ከጉልበት በላይ ያለው እንጨት ዛሬም ብረት ሊሆን ይችላል። አናጺው መዶሻና ቀጭን መሮ ይዞ ከታች ወደ ላይ እየወጋ ይፈትሸው፤ መሮው መግባት እምቢ የሚልበት ቦታ ላይ ይቁም። ከዚያ በታች ያለው ይቆረጣል፣ ላዩ በድጋፍ እንጨት ይያዛል፣ በክሪክ ቀስ ተብሎ ትንሽ ትንሽ ይነሳል፣ አዲስ የጥድ እግር ይቀጠልና በድንጋይ ላይ ያርፋል። በአንድ ቀን ቀጥ ላድርገው የሚል ሰው ከመጣ አሰናብቺው። መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ቤት ተቻኩሎ ሲነሳ የበሩ መቃን ይሰነጠቃል፣ ጣሪያው ይላቀቃል። ሙሉ በሙሉ ቀጥ ባይል ደግሞ ምንም አይደለም፤ መዝመሙ ከቆመ ይበቃል።

ጭቃው ላይ ስንመጣ፣ ወጣት ሠራተኞች ብዙዎቹ በጭቃ መሥራት አይወዱም፣ የሚያውቁትም ጥቂት ናቸው። ከከተማ ዳር፣ ከሱሉልታ ወይም ከሰንዳፋ አካባቢ ቤታቸውን ራሳቸው የሚመርጉ ሰዎች አሉ፤ እነሱን ፈልጊ። አፈሩ ቀይ ይሁን። የግቢያችሁ አፈር ጥቁር ኮቲቻ ከሆነ ብቻውን ለምርጊት አይሆንም፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ከመወሰናችሁ በፊት መሞከሪያ ሥሩ፦ ከአፈሩ ትንሽ አቡክታችሁ የእንጀራ ማባያ ሳህን የሚያህል ጥፍጥፍ ፀሐይ ላይ አድርቁ። ብዙ ከተሰነጣጠቀ አሸዋና ጭድ ጨምሩ፤ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ አፈሩ ማያያዣ የለውም፣ ሌላ ፈልጉ። ከግድግዳው የረገፈውን የድሮ ጭቃም አትጣሉት። እንደገና ተነክሮ ከአዲሱ ጋር ሲቀላቀል ከድሮው ግድግዳ ጋር ይስማማል። ከታች በኩል ነጭ ጨው የወጣበትን ግን ለዩት፣ እሱ ተመልሶ አይገባም።

የጤፍ ጭዱ ከአፈሩ ጋር ተነክሮ በየቀኑ እየተረገጠ ቢያንስ ሳምንት ይቆይ። ሲሸት አትደንግጡ፤ ጭዱ መብላላት ሲጀምር ነው ጭቃው የሚለጠፈው። የመጀመሪያው ምርጊት ከመለጠፉ በፊት የድሮው ጠርዝ በውሃ ይረጭ፣ ካልሆነ ደረቁ ጭቃ የአዲሱን ውሃ ጠጥቶ ይለያዩና ይወድቃል። የመጀመሪያው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይሰንጠቅ፤ ሁለተኛው ስንጥቁን ይዞ ይቀመጣል። ላዩ በኖራ ይቀባ። ፕላስቲክ ቀለም ወይም ኳርትዝ አታስቀቢ፣ እሱም እንደ ሲሚንቶው መተንፈሻ ይዘጋል። ኖራውን ስታበርዱ ዓይናችሁን ጠብቁ፣ ያልበረደ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ልጆች ግቢ ውስጥ አይሁኑ። ይሄ ሥራ ደግሞ የሚሠራው ከመስቀል በኋላ ነው። በሰኔ የጀመረ ሰው ክረምቱን በሸራ ይኖራል።

ቀድሞ ሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ ካለ በመዶሻ አታስደብድቡት፣ ጭቃውን ይዞት ይወርዳል። በግራይንደር በትንንሽ ካሬ ይቆረጥና ከታች ጀምሮ አንድ አንድ እያለ ይነሳ።

ለሠራተኛ ገንዘብ ስትከፍሉ ሙሉ ቤቱን በኮንትራት አትስጡ። በኮንትራት የያዘ ሰው ጊዜ ስለሚቆጥብ ሊተርፍ የሚችለውን አፍርሶ አዲስ መሥራት ይቀለዋል፤ ቀን ሥራ የያዘ ደግሞ ሊጎትት ይችላል፣ ያም እውነት ነው። ቢሆንም ለእንዲህ ያለ ሥራ በቀን መክፈል ይሻላል፣ ከእናንተ አንዱ እዚያው እየዋለ። አናጺውን ግን በሰው ምስክር ሳይሆን በሠራው መስኮት ምረጡት፤ የድሮ መስኮት ጠግኖ ያሳያችሁ።

መስኮቱን በተመለከተ ከወንድሞችሽ ጋር በግልጽ እጣላለሁ። የዚያ ዘመን መስኮት ለአሉሚኒየም የሚለወጥ ዕቃ አይደለም። ህንድና አርመን ባለሙያዎች ባመጡት መልክ የሐበሻ አናጺ እየተማረ የሠራው ነው፤ ከበረንዳው ጣሪያ ጫፍ የሚንጠለጠለው ጥልፍ የመሰለ እንጨትም ከዚያው ዘመን ነው። እንደዚህ ያለው በረንዳ የሸክ ሆጀሌን ቤት ወይም ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነውን የራስ ብሩን ቤት ሄዶ ላየ ሰው አዲስ አይደለም፤ የናንተው ታናሽ ወንድማቸው ነው። ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚበሰብሰው የመስኮቱ የታችኛው አግዳሚ ብቻ ነው፣ ዝናቡ እሱ ላይ ስለሚያርፍ። አናጺው የበሰበሰውን ቆርጦ ከዚያው ዓይነት እንጨት ይቀጥልበታል። መስታወቱ ሞገድ ሞገድ የሚል ከሆነ ተንከባከቡት፣ እንዲያ ያለ መስታወት ዛሬ አይሸጥም። ማጠፊያና ቁልፍ የጎደለ እንደሆነ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ዞር ዞር በዪ። በአሁኑ ጊዜ ከተማው ውስጥ ከሚፈርሱ ቤቶች የሚወጣ የጥድና የዝግባ እንጨት፣ በርና መስኮትም አለ፤ ልብ ያሳዝናል፣ ግን ለማገዶ ከሚሄድ ለናንተ ቤት ቢሆን ይሻላል።

ቀለሙ ሲፋቅ በደረቁ በአሸዋ ወረቀት አትፈግፍጉ። የድሮ ዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል አቧራው ለሕፃናት መርዝ ነው፤ አርጥባችሁ ፋቁ፣ አፍና አፍንጫ ሸፍኑ። ባለፈው በሠራነው አንድ ቤት ሳሎኑን ስንፍቅ ከላይ ክሬም፣ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከዚያ ውሃ ሰማያዊ፣ መጨረሻ ላይ ኖራ ወጣ። ባለቤቶቹ የመዳፍ ስፋት ያህሏን ጥግ ላይ እንዳለች ተዉአት፣ ቀሪውን ወደ ውሃ ሰማያዊው መለሱት። አቡጀዲ ኮርኒስ ካላችሁም አትቅደዱት፤ ሊታጠብና እንደገና ሊወጠር ይችላል፣ ጂፕሰም ከሚሰቀልበት የተሻለ ነው፣ ጂፕሰሙን የሚሸከም ጣሪያ አይደለምና።

ስለ ኤሌክትሪክ አጭር ልበል፦ መስመሩ ሁሉ ይቀየር፣ በዚህ ላይ ቅርስ የሚባል ነገር የለም። ጣይቱ ሆቴል በ2007 ጥር ላይ ሲቃጠል ያየ ሰው ይህን ያህል ደረቅ እንጨት ያለበት ቤት ውስጥ የተላላጠ ገመድ መተው ምን እንደሆነ ይገባዋል። ሽንት ቤትና ማዕድ ቤትም ከቤቱ ውጭ፣ በጓሮ በኩል ለብቻው በብሎኬት ይሠራ፤ ሴራሚክ የምትወዱ ከሆነ እዚያ አንጥፉት። ውሃ ቧንቧ በጭቃ ግድግዳ ውስጥ ማሳለፍ ግን ነገ ጠዋት ምንጩ የማይታወቅ ርጥበት መግዛት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ወረቀቱን እዪ። ካርታው በማን ስም ነው? በ1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት ቤቶች አንዱ ሆኖ በቀበሌ በኩል የተከራያችሁት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በክፍለ ከተማችሁ ቦታው ለልማት የታቀደ መሆን አለመሆኑንም በጽሑፍ ጠይቁ፤ ብዙ ሰው አድሶ ሲጨርስ ነው የሚሰማው። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የጥገና ሥራ ከመጀመሩ በፊት ፈቃድ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን ፈርቶ ቤቱን ከመመዝገብ ይሸሻል፣ ፍርሃቱም ይገባኛል፤ ግን የተመዘገበ ቤት ሲፈርስ ቢያንስ የሚጠይቅ አካል አለ።

ወንድሞችሽ ግን በጎ አስበው ነው። ለእናታቸው ንጹሕና ሞቃት ቤት ፈልገዋል። የጓሮውን ግድግዳ አንድ ጥግ ብቻ በዚህ መልክ እንሥራ፣ አንድ ክረምት እንየው ብለሽ አሳምኛቸው፤ አንድ ጥግ ማንንም አያከስርም።

ፎቶ ስትለጥፊ ቤቱን ከሩቅ ብቻ አታንሺው። የጓሮውን ጥግ ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ በቅርብ፣ አሸንዳው የሚፈስበትን ቦታ፣ ከቻልሽም አንድ የመስኮት አግዳሚ ከሥር አንሺና ላኪ። መሬቱ ድንጋዩን የቱ ድረስ እንደዋጠው ካየሁ ቁፋሮው ስንት ቀን እንደሚፈጅ እነግርሻለሁ።