የሚይዘው ሌላ፣ የሚፈታው ሌላ

ልጆች እንዴት ከረማችሁ፣ ድሬ ሰሞኑን ሙቀቱ ጉድ ነው፣ ከሰአት ከቤት መውጣት አይታሰብም፣ እኔም ከዚራ ዛፍ ስር ቁጭ ብዬ ነው ይቺን የምጽፍላችሁ። ባለፈው ሶስት ልጆች የራሳችንን የኔትወርክ አናላይዘር (በኔትወርኩ የሚያልፈውን ዳታ ይዞ ምን እንደሆነ የሚያሳይ ፕሮግራም) እየሰራን ነው ብለው ኮዳቸውን አሳዩኝ፣ የምር ደስ አለኝ፣ ግን ኮዱን ሳየው የራሴ የድሮ ጥፋት ቁጭ ብሏል። አንድ ፋይል፣ አንድ ሉፕ (እየተደጋገመ የሚሮጥ ኮድ)፣ ፓኬቱን (በኔትወርኩ የሚሄደውን የዳታ ቁራሽ) ይይዛል፣ እዛው ይፈታል፣ እዛው ስክሪን ላይ ያትማል።

የኔን ልንገራችሁ። በናንተ እድሜ አንድ መስሪያ ቤት ኔትወርክ ላይ ነበርኩ፣ ከሰአት ከሰአት ይንቀራፈፍብናል። በሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የጻፍኳት ፕሮግራም ነበረችኝ፣ ከሷ በላይ ላሳር ነው የምለው፣ አስነሳኋት፣ የቲሲፒው (ዳታው በቅደም ተከተል መድረሱን የሚቆጣጠረው ፕሮቶኮል) ቁጥር ይዘላል፣ ፓኬት እየጠፋ ነው ትለኛለች። ስዊቹ (ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘው መሳሪያ) ነው ብዬ አለቃዬን አሳመንኳቸው፣ አዲስ ስዊች ተገዛ፣ ተቀየረ፣ በማግስቱ ያው ነው። ለካ ፓኬቱን የምትጥለው የኔዋ ጉድ ናት! እሷ ስክሪን ላይ እስክታትም ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ያለው ቡፈር (ጊዜያዊ ማቆያ) ይሞላል፣ ከዛ በኋላ የሚመጣው ይጣላል፣ ዝም ብሎ። ሊብፒካፕ (ፓኬት መያዣው ላይብረሪ) ስንት እንደተጣለ የሚናገር ፈንክሽን አለው፣ ግን መጠየቅ አለበት፣ እኔ ደሞ አልጠየቅኩም። ዋየርሻርክ (ታዋቂው የኔትወርክ አናላይዘር) እንደዚ አይነት ክፍተት ሲያይ ያለፈው ሴግመንት (የቲሲፒ ቁራሽ) አልተያዘም ነው የሚለው፣ ጠፍቷል አይልም፣ አቦ ይቺ ቃል ስዊች ከማስገዛት ታድናለች።

አጎቴ ድሮ ለገሃር ዕቃ አውራጅ ነበር፣ አውራጅ ሳጥን አይከፍትም፣ ያወርዳል ይደረድራል በቃ፣ የሚከፍተው ጉምሩክ ነው። ዋየርሻርክም (ጄራልድ ኮምብስ 1998 ላይ ኢተሪያል ብሎ ያወጣው፣ በንግድ ምልክት ጣጣ 2006 ላይ ስሙ የተቀየረው) የተሰራው እንደዛ ነው። ዳምፕካፕ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች፣ ስራዋ ፓኬት ይዞ ፋይል ላይ መጻፍ ብቻ ነው፣ ከፍ ያለ ፈቃድ የሚያስፈልገውም ለሷ ነው። የሚፈታው ክፍል ለብቻው ያለ ሩት (ያለ ሙሉ የማሽኑ ፈቃድ) ይሮጣል። ለምን? ፈቺው ከማንም ከማያውቀው ሰው የመጣ ባይት ነው የሚያነበው፣ አንዱ ፕሮቶኮል (የመነጋገሪያ ደንብ) አፈታት ላይ ስህተት ቢኖርና ፕሮግራሙ በሩት ቢሮጥ ማሽኑን አስረከባችሁ ማለት ነው።

አፈታቱ ላይ ደሞ ልጆቹ ኢፍ ኤልስ (ይሄ ከሆነ እንዲህ፣ ካልሆነ እንዲያ) ደርድረው ደርድረው መጨረሻው አይታይም። ዋየርሻርክ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ዲሴክተር (የአንድ ፕሮቶኮል ፈቺ) የራሱን ብቻ ነው የሚያውቀው። ኢተርኔት 14 ባይት ያነባል፣ 6 የተቀባይ፣ 6 የላኪ፣ 2 የአይነት፣ አይነቱ በሄክስ (በ16 ቤት አቆጣጠር) 0800 ከሆነ ሰንጠረዥ ላይ 0800ን ማን ነው ያስመዘገበው ብሎ ያይና የቀረውን ለሱ ይሰጣል፣ ኢተርኔቱ የሚረከበው አይፒ መሆኑን ማወቅ አይጠበቅበትም። አይፒም 10ኛውን ባይት አይቶ 6 ከሆነ ለቲሲፒ፣ 17 ከሆነ ለዩዲፒ ያቀብላል። ነገ አዲስ ፕሮቶኮል ብትጨምሩ ሰንጠረዡ ላይ ማስመዝገብ ነው እንጂ የድሮውን ኮድ አትነኩም። ፊልተርም ሁለት አይነት ነው፣ አንዱ ከመያዙ በፊት ከርነል ውስጥ የሚሰራው ቢፒኤፍ፣ ሌላው ከተፈታ በኋላ ለማየት፣ አጻጻፋቸውም ይለያያል አታምታቱት።

አንድ ደሞ አለ የሚያሳፍር። ያቺው ፕሮግራሜ ባዶ መሆን ያለበት የቲሲፒ አክ (ደርሶኛል የሚል መልስ) ውስጥ 6 ባይት ዳታ አገኘች፣ ሰው ተደብቆ ነገር እያሾለከ ነው ብዬ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። ለካ ከዳታው ፊት የሚቀመጡት መግለጫዎች (ሄደሮቹ)፣ 14 ኢተርኔት፣ 20 አይፒ፣ 20 ቲሲፒ ሲደመር 54 ነው፣ የኢተርኔት ፍሬም (ሙሉው እሽግ) ደሞ መጨረሻ ላይ ያለው የስህተት መፈተሻ ሳይቆጠር ከ60 ባይት ማነስ አይችልም፣ 6ቱ መሙያ ነው! የአይፒ ሄደሩ ጠቅላላ ርዝመቱ 40 ነው ብሎ በግልጽ ጽፏል፣ እኔ ግን ፍሬሙ እስኪያልቅ አነባለሁ። ግልባጩም አለ፣ ሄደሩ ላይ ያለው ርዝመት ከመጣው ባይት የሚበልጥበት ጊዜ አለና ያንን አምኖ ማንበብ ፕሮግራም ይገላል። ዋየርሻርክ ውስጥ ከተሰጠው አልፎ ሊያነብ የሞከረ ዲሴክተር እዛው ይቆምና ማልፎርምድ ፓኬት (የተበላሸ ፓኬት) ተብሎ ይጻፋል፣ ሌላው ስራ ይቀጥላል።

ይሄን ሁሉ ለልጆቹ ነግሬ ሉፑን ለሁለት ክፈሉ ብዬ ሸኘኋቸው። ትላንት ማታ ደወሉ፣ መጣሉ ቆመ አሉኝ፣ ጎሽ አልኩ። ከዛ አንደኛው ድምጹን ዝቅ አድርጎ ጋሼ አንድ ነገር ግን ግራ ገብቶናል፣ ኤአርፒው (ይሄ አይፒ የማን ማሽን ነው ብሎ የሚጠይቀው) 28 ባይት ነው አደል፣ አንድ ማሽን ግን ከኋላው 18 ባይት ዜሮ እየጨመረ ይልካል፣ ቫይረስ ይሆን እንዴ አለኝ። ሳቄ አላናግር አለኝ።