የሰረዝኩት መስመር

ባለፈው ወር አንዲት ተማሪ ጻፈችልኝ። የምታጠናው የአብያታ ሐይቅን መሸሽ ነው፤ በሳተላይት ምስል። የላከችልኝ ግራፍ ላይ ነጥቦቹ ተሰልፈው ቁልቁል ይወርዳሉ፤ አንዷ ብቻ ከሰልፉ ወጥታ ከላይ ቆማለች። «ጋሼ፣ ይቺን ነጥብ ላውጣት? ሁሉም ስህተት ናት ይሉኛል» ትላለች።

መልስ ለመስጠት አሥራ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ጥያቄው ከብዶኝ አይደለም። እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ያለች ቁጥር ገጥማኝ ምን እንዳደረግኳት ስለማውቅ ነው። ለእሷ የጻፍኩትን አስፍቼ፣ ከሐይቅና ከአየር ንብረት ጋር ለመኖር ለምታስቡ ሁሉ ይኸው።

በአላስካ ሰሜናዊ ጫፍ፣ አርክቲክ ውቅያኖስ ዳር፣ ኡትቂያግቪክ የምትባል ከተማ አለች። እኔ ስመላለስባት ስሟ ባሮው ነበር። ከከተማዋ ወደ ደቡብ ሜዳው ሁሉ ሐይቅ ነው፤ በሺዎች ይቆጠራሉ፣ አብዛኞቹ ሁለት ሜትር እንኳ አይጠልቁም። ዝናቡ የበረሃ ያህል ትንሽ ሆኖ ሳለ ውሃው የሚቆየው መሬቱ ስለማያሰርገው ነው። ከሥሩ ፐርማፍሮስት አለ። ቢያንስ ሁለት ዓመት በተከታታይ ከዜሮ ዲግሪ ሳያልፍ የቆየ መሬት ፐርማፍሮስት ይባላል፤ የባሮው ግን በሺህ ዓመታት የሚቆጠር ነው፤ ወደ ታችም በመቶዎች ሜትር ይወርዳል።

ከአውሮፕላን ሲያዩዋቸው ሐይቆቹ በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ተዘርግተዋል፤ ነፋሱ ከምሥራቅ ሲመጣ እነሱ ነፋሱን በጎናቸው ይቀበሉታል። ማዕበሉ ጫፍና ጫፋቸውን እየበላ ያረዝማቸዋል። መጀመሪያ ሳያቸው ዝዋይ ትዝ አለኝ። አባቴ ከቀትር በኋላ ጀልባ እንድነካ አይፈቅድልኝም ነበር። ጠዋት ጸጥ ያለው ውሃ ነፋሱ ሲነሣ ወለሉ ድረስ ይታመስና ጭቃ ይመስላል። ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ሰማዩ ያደረገበትን ሁሉ ወዲያው እንደሚያሳይ ያወቅኩት ያኔ ነው፣ ስሙን ሳልማር።

ቃል ላስተካክል። በአማርኛችን ከሰማይ በስሱ የሚወርደውም፣ ጣሪያ የሚደበድበውም፣ ውሃ ሲረጋ የሚሆነውም «በረዶ» ነው። አሜሪካ ያለን ሰዎች «ስኖው» እያልን እንገላገላለን። እኔ እዚህ የሚወርደውን «አመዳይ» እላለሁ፤ ከዳዊት የተማርኳት ቃል ናት። ሐይቁ ላይ የሚጠጥረውን ደግሞ «በረዶ» እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በእኛ መጋቢት ማለቂያ፣ የበረዶ ውፍረት ለመለካት ወጣን። ብርዱ ከዜሮ በታች 28 ነበር። አብረውኝ ያሉት ከአካባቢው ነባር ሕዝብ፣ ከኢኑፒያት፣ የሆኑ አንድ አዳኝ ናቸው፤ ስኖውሞቢሉን የሚነዱት፣ መንገዱን የሚያውቁት እሳቸው። የክረምቱ በረዶ የሚወፍረው ወደ ማለቂያው ስለሆነ የሚለካው ያኔ ነው። በመሰርሰሪያ ትቆፍራለህ፤ ፍርፋሪው ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ነጭ፣ ነጭ፣ ከዚያ ድንገት ቡናማ ከሆነ ጭቃው ላይ ደርሰሃል፤ ሐይቁ እስከ ወለሉ ረግቷል ማለት ነው። ያቺ ሐይቅ ባለፉት ዓመታት ደብተር ላይ ሁሌም «1 ሜትር ከ70፣ እስከ ወለሉ» ተብላ ነው የተጻፈችው።

ያን ቀን 1 ሜትር ከ42 ላይ መሰርሰሪያው ከእጄ ሊያመልጥ ሲል ያዝኩት። ውሃ ወጣ። ጥቁር፣ የረግረግ ሽታ ያለው ውሃ መሰርሰሪያውን ተከትሎ ፈልቆ ከበረዶው ፊት ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ቆመ። ሃያ እርምጃ ሄጄ ሌላ ቆፈርኩ፤ 1 ሜትር ከ44፣ አሁንም ውሃ። ጓንቴ ረጥቦ እንደ ቆርቆሮ ደረቀ።

አዳኙ በያዙት ዘንግ አመዳዩን ወጋ ወጋ አድርገው፣ «ባሕሩ ዘንድሮ ዘግይቶ ነው የተዘጋው» አሉኝ። «አመዳዩ ቀድሞ መጣ። በረዶው ገና ስስ ሳለ ለበሰ። የለበሰ በረዶ አይወፍርም።» ከፔርሙሳቸው ሻይ ቀዱልኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ሜትሩ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አመዳዩን ለመለካት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ፎርሙ ላይ ግን የአመዳይ ቦታ አልነበረም፤ ስለዚህ አልለካሁም።

ማታ ቁጥሮቹን ስገለብጥ ያቺን ሐይቅ አየኋት። ከዓመታቱ ሁሉ ጋር አትገጥምም። የዚያ ዘመን ጂፒኤስ መቶ ሜትር ሊስት ይችል ነበር፤ አሜሪካኖች ለሲቪሉ ሕዝብ ሆን ብለው የሚያዛቡት ምልክት የተስተካከለው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። «ጠለቅ ያለ ቦታ ላይ ቆፍሬ ነው» አልኩ። ውሌ በየዓመቱ የሚታደስ ነበር፤ «ሐይቁን ስተኸዋል» መባልን ፈራሁ። ማስመሪያ አምጥቼ ሁለቱንም ቁጥሮች ሰረዝኳቸውና ጥጉ ላይ «የቦታ ስህተት» ብዬ ጻፍኩ።

ያ መስመር ምን እንደነበር የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የመጠቀችው ኢአርኤስ-1 ሳተላይት በራዳር የሐይቅ በረዶ ታይ ነበር። በረዶው ከሥሩ ውሃ ካለ የራዳሩ ምልክት ተመልሶ ሐይቁ ብሩህ ይሆናል፤ ከጭቃው ጋር ከተጣበቀ ግን ይጠቁራል። በባሮው ዙሪያ 402 ሐይቆች ተጠንተው፣ ከ1991 እስከ 2011 እስከ ወለሉ የሚረጋው ስፋት በ22 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። የሞዴል ስሌቱም ከ1950 እስከ 2011 በረዶው ከ21 እስከ 38 ሴንቲሜትር መሳሳቱን አሳየ። ምስሎቹን ሳገኝ መጀመሪያ የፈለግኳት ያቺን ሐይቅ ነው። በዚያ ዓመት ብሩህ ናት። ቦታውን አልሳትኩም ነበር።

ሃያና ሠላሳ ሴንቲሜትር ትንሽ ይመስላል። እስከ ወለሉ የሚረጋ ሐይቅ ግን ክረምቱን ሙሉ ከሥሩ ያለውን መሬት እያቀዘቀዘ ፐርማፍሮስቱን ይጠብቃል። ጥቂት ውሃ ከቀረ ብርዱ ወለሉ ላይ አይደርስም፤ ጭቃው ከዜሮ በላይ ሆኖ ይከርማል፣ ከሥሩ ያለው መሬት ዓመት ዓመት እየቀለጠ ታሊክ የሚባል ያልረጋ ጎድጓዳ ይፈጠራል፣ ታምቆ የኖረ ብስባሽ በማይክሮቦች እየተበላ ሚቴን የሚባል ጋዝ ይሆናል። በመጸው መጀመሪያ በረዶው ውስጥ የታሰሩትን አረፋዎች ክብሪት ጭረህ ብትበሳቸው ይነዳሉ። ለዓሣው መልካም ሊሆን ይችላል፤ ኦክሲጅኑ ከበቃው የሚከርምበት ውሃ ያገኛል። ለሐይቁ ራሱ ግን በዳሩ መሬት ውስጥ ያለው በረዶ ሲቀልጥ ውሃው መውጫ ያገኝና በቀናት ውስጥ ሊፈስ ይችላል። በሳይቤሪያ ከ1973 እስከ 1997 እና 98 ባለው ጊዜ ትልልቆቹ ሐይቆች ከ10,882 ወደ 9,712 ወርደዋል፤ ፐርማፍሮስቱ ሳይቆራረጥ በተዘረጋበት በሰሜኑ በኩል ግን የሐይቅ ስፋት ጨምሯል። አንዱ አካባቢ ያሳያችሁን ለሌላው አትፍረዱበት።

አዳኙ ያሉኝም በሳይንሱ ጸንቷል። የባሕር በረዶ ሲዘገይ ክፍት ውሃው እርጥበት ይሰጣል፣ አመዳዩ በመጸው ይበዛል፤ አመዳይ ደግሞ ሙቀት በማስተላለፍ ከበረዶ አሥር እጥፍ ገደማ ይደክማል። ይህን በጥናት ሳነብ እሳቸው አርፈው ነበር። ሄጄ «ልክ ነበሩ» አላልኳቸውም።

በርትታችሁ ተማሩ፣ ሒሳብ አትፍሩ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። የዛሬ ልጆች ሐይቅ ሳትረግጡ ስለ ሐይቅ ትጽፋላችሁ፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው ፒክስል ትበቃችኋለች። ውጡ፣ እርጠቡ፣ በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ በብርድ ይረጋል። ይህን ስጽፍ ደግሞ እዚያ ቆሜ በእጄ የቆፈርኩትን የጣልኩት እኔ መሆኔን አስባለሁ፤ ያን ቀን ለሐይቁ የታመነችለት ሳተላይቷ ናት። ሁለቱም እውነት ነው፤ ላስታርቃቸው አልቻልኩም።

የዚያ ዓመት አመዳይ የአንድ ዓመት የአየር ሁኔታ ብቻ ሊሆን ይችል ነበር። አንድ ነጥብ የአየር ንብረትን አይናገርም፤ የተሰረዘ ነጥብ ግን ጭራሽ አይናገርም። ለተማሪዬ እንዲህ አልኳት፦ አታውጪያት። በዚያ ወር ዘንቦ እንደሆነ ፈትሺ፤ አብያታ ዳር ከብት የሚያጠጣ ሰው ፈልገሽ ያን ዓመት ውሃው የት ድረስ እንደነበር ጠይቂው፤ የነገረሽንም በራሱ ቃል ጻፊ፣ ፎርምሽ ላይ ቦታ ባይኖረውም።

ደብተሩ ዛሬም እኔ ጋ ነው። ከመስመሩ ሥር 1.42 እና 1.44 በደንብ ይነበባሉ። አመዳዩ ስንት ሴንቲሜትር እንደነበር ግን አላውቅም።